መብራት የሄደበት ተጫዋች

1.

ጠፋ።

2.

ይቅርታ፣ ከመሃል ጀመርኩ።

የጠፋው የወንድሜ የያፌት ስክሪን ነው። በኢንተርኔት የተኩስ ጨዋታ ውድድር፣ በፍጻሜው፣ በመጨረሻው ዙር፣ ከሁለቱም ቡድን አንድ አንድ ሰው ብቻ በሕይወት ቀርቶ ሳለ ጠፋ። በጨዋታው ውስጥ ማለቴ ነው። ከጨዋታው ውጪ ሁላችንም ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

እኔ ቤዛ እባላለሁ። ውድድሩን ያዘጋጀሁትም የምዳኘውም እኔ ነኝ። አዎ፣ ወንድሜ እየተጫወተ። ቆይ፣ አትፍረዱብኝ፣ እደርስበታለሁ።

3.

እንዲህ ያለ ውድድር ለማዘጋጀት የሚያስፈልግህ፦

በየጨዋታው አሥር ተጫዋች።

አንድ ሰርቨር፣ ሁሉም የሚገናኙበት ኮምፒውተር።

የማይናደድ ዳኛ። (ካጣህ፣ የሚናደድ ግን ሲናደድ ማይኩን መዝጋት የሚያውቅ።)

4.

ፍትሕ።

ይኼን ቃል ሳይ ደስ ይለኛል፣ ብቻውን ያስቀመጥኩት ለዚያ ነው። በእኛ ሥራ ፍትሕ የሚጀምረው ከፒንግ ነው። ፒንግ ማለት ተኩሰህ፣ ሰርቨሩ መተኮስህን እስኪያውቅ የሚያልፈው ጊዜ ነው። የአዲስ አበባ ልጆች ጋ ፈጣን ነው፣ የኮምቦልቻ ልጆች ጋ ይንቀራፈፋል። ስለዚህ አንዱ ቀድሞ ተኩሶ ቀድሞ ሊሞት ይችላል።

እኔ ምን አደረግኩ? ሁሉንም በጣም ከዘገየው ጋር እኩል አዘገየኋቸው። የአዲስ አበባዎቹ እናቴን ሳይቀር አነሱ። ያፌት ምሳ ላይ ጨው እንኳ አላቀበለኝም። ያኔ ነው ልክ መሥራቴን ያወቅኩት።

5.

አምና ውድድሩ ፈርሷል። አንድ ተጫዋች የተቃራኒውን ስክሪን በቀጥታ ስርጭት እያየ ሲጫወት ተያዘ፣ የክፍለ ሀገር ቡድኖች በሙሉ ጥለው ወጡ። ዘንድሮ አንድ በአንድ እየደወልኩ ለመንኳቸው። ከኮምቦልቻው «ቦርከና» ቡድን አምበል፣ ከኑረዲን ጋር የተነጋገርነው ይኼን ይመስላል፦

ኑረዲን፦ ወንድምሽ ይጫወታል አሉ?

እኔ፦ አዎ።

ኑረዲን፦ አንቺም ትዳኛለሽ?

እኔ፦ ሌላ ሰው ጠፋ።

ኑረዲን፦ እሺ፣ እናያለን አቦ።

ይቺን «እናያለን» ሳብሰለስል ከረምኩ። ዘንድሮም ተጭበረበርን ብለው ከወጡ በቃ፣ ተመልሶ የሚመጣ የለም።

6.

ደንብ ሰባት፦ በጨዋታ መሃል መብራት የሄደበት ተጫዋች ስልኩን በመስኮት አውጥቶ ሰፈሩን ያሰማል። ሰፈሩ ከጮኸ ዙሩ ይደገማል።*

7.

ሳቃችሁ? በደንብ ይሠራል እኮ። በግማሽ ፍጻሜው የሐዋሳው ልጅ ስልኩን ሲያወጣ መንደሩ በሙሉ «ኧረ!» ሲል ሰማን፣ አንዲት ሴትዮም «ወይኔ ድራማዬ!» ብላ ጮኸች። እንዲህ ያለ ምስክር ፍርድ ቤትም አይገኝም። ወዲያው ደገምነው።

8.

ወደ ፍጻሜው እንመለስ። ቦርከና እና የያፌት ቡድን «አምስተኛ ፎቅ»። (የእኛ ኮንዶሚኒየም አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍቱ ሠርቶ አያውቅም፣ ቡድኑ ስሙን ያገኘው ከድካም ነው።) በዙር አሥራ ሁለት ለአሥራ ሁለት። ያሸነፈ ናይሮቢ ሄዶ ይጫወታል። ያፌት ፓስፖርቱን አውጥቶ ትራሱ ሥር አድርጓል። ከአገር ወጥቶ አያውቅም፣ ከአዲስ አበባም የወጣው ለልቅሶ ነው።

ያፌት እና ኑረዲን ብቻ ቀሩ።

እኔ በእኔ ክፍል፣ ያፌት በእሱ፣ በሮቻችን ተዘግተው።

ጠፋ።

9.

የእኔ ላፕቶፕ ባትሪ አለው፣ ወደ ስልክ ዳታ ቀየርኩ። ያፌት ደግሞ በስልኩ ወደ ድምፅ መስመሩ ገባ። ስክሪኑ በጠፋበት ኑረዲን መትቶታል፤ ዙሩ ካልተደገመ አሸናፊው ቦርከና ነው።

ያፌት፦ መብራት ሄደ! መብራት ሄደ!

ዳኛ፦ ስልክህን በመስኮት አውጣ።

(የሚጮህ የለም። አንድ መኪና ጥሩምባ ነፋ። የሆነ ቤት ቴሌቪዥን ይሰማል።)

ኑረዲን፦ ቴሌቪዥን ነው እንዴ የምሰማው?

10.

ያፌት ክፍሌ ድረስ መጣ። ሁለታችንም ማይካችንን ዘግተናል።

«ኮሪደሩ ላይ ወጥተሽ አንዴ ‹ወይኔ መብራት!› በይ። ድምፅሽን ቀይሪና።»

«አበድክ?»

«ቤዚ፣ መብራቱ እኮ እውነት ሄዷል! ምኑ ነው ውሸቱ?»

እውነቱን ነው። ያስቸገረኝም ይኼው ነው።

11.

ወጣሁ።

12.

ያፌት የስልኩን ማይክ ከፍቶ ከኋላዬ ቆመ። የጎረቤታችን የእትዬ ጥሩወርቅ በር ተከፈተ።

እትዬ ጥሩወርቅ፦ አንቺ ቤዛ፣ አፍሽን ከፍተሽ ምን ትሠሪያለሽ?

እኔ፦ መብራት ሄደብን።

እትዬ ጥሩወርቅ፦ የምን መሄድ! እኛ ጋ አለ። የቆጣሪ ካርድ ጨርሳችሁ ነዋ! ሁልጊዜ እናንተ ቤት እንዲህ ነው።

ከስልኩ ውስጥ የሁለት ቡድን ሳቅ ወጣ።

ልጮህ ነበር? እንጃ። አፌ ግን ተከፍቶ ነበር።

13.

ኑረዲን፦ ካርዱን መሙላት የማን ተራ ነበር?

(ያፌት ያውቃል፣ ግን ጣሪያ ጣሪያውን አየ።)

ዳኛ፦ የእኔ። ሰኞ ልሞላ ነበር። ሰኞ የእናንተን ፒንግ ስለካ ዋልኩ።

ኑረዲን፦ እኔም የምለው አለኝ። ያፌትን ስመታው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተገትሮ ነበር። ስክሪኑ መጥፋቱን ቀድሜ አላወቅኩም። ወላሂ አልጣመኝም። ቆዩን፣ እንመካከር።

14.

እስኪመለሱ እናንተም አስቡበት። ካርድ ማለቅ መብራት መሄድ ነው? ዳኛዋ ባጠፋችው ተጫዋቹ ይቀጣል? ተጫዋቹ ወንድሟ ባይሆን ጥያቄው እንዲህ ይከብዳት ነበር?

15.

ኑረዲን፦ ወስነናል። ጽፈን ይዘናል፣ ካንቺ ጋር ይገጥም እንደሆነ እናያለን አቦ። ግን መጀመሪያ አንቺ ተናገሪ፣ ዙሩ ይደገማል ወይስ አይደገምም?

ዳኛ፦ ከወሰናችሁ እኔ ምን አደርጋለሁ?

ኑረዲን፦ ዳኛዋ አንቺ አይደለሽም እንዴ?

16.

ያፌት በሩን ተደግፎ ያየኛል። ዝሆን የሚያክል ልጅ፣ ዓይኑ እንባ ሞልቷል፣ እንዳላይበት ይስቃል። እወደዋለሁ። ነግሬው አላውቅም፣ አሁንም ሰዓቱ አይደለም። አሥር ሰው ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል።

ማይኩን ከፈትኩ።

17.

ዳኛ፦



____________________

* ስለ ቆጣሪ ካርድ ማለቅ የሚናገር ደንብ የለም። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ አላሰብኩትም።