ከፎቶው ዳር የተቆረጠው

ኢሊያስ ሶዶ ከተማ ፎቶ ቤት ከፍቶ አሥር ዓመት ሙሉ ሙሽራና ተመራቂ ሲያነሳ ኖረ። በ1996 ዓ.ም. ግን ከቅርብ የምታነሳ ማክሮ ሌንስ ገዛና ልቡ ከሰው ሸፈተ። የቡና አበባ፣ የጉንዳን እግር፣ ከወንዝ ዳር የለቀመውን ጠጠር ሁሉ እያጎላ ያነሳ ጀመር። ሚስቱ ጀዋሂር "ሰው ጠፍቶ ነው ድንጋይ የምታነሳው?" ስትለው፣ "ድንጋይ እንደ ሰው አጠቆርከኝ ብሎ አያማርርም" ይላታል። እውነቱን ለመናገር በእጁ ሥራ መኩራት አብዝቶ ነበር።

ጥር ላይ የግብርና ባለሙያው ጌታሁን ሥራ ይዞለት መጣ። ቦምቤ አካባቢ እንሰት የሚያጠወልግ በሽታ ገብቷል፤ ለገበሬው ማስተማሪያ ፖስተር ሊታተም ነው። የታመመና ጤነኛ እንሰት ተቆርጠው፣ ከቅርብ ተነስተው፣ ጎን ለጎን ይታያሉ።

"አደራ፣ በሽታው የሚተላለፈው በቢላ ነው" አለው ጌታሁን። "ከታመመው ወደ ጤነኛው ስትሄድ ቢላውን እሳት ላይ ለብልበው።"

"ልጅ አደረግከኝ እንዴ?" ብሎ ሳቀ ኢሊያስ።

የታመመውን ከአንድ ጓሮ አነሳ። ሲቆርጠው ቢጫ ዝልግልግ ፈሳሽ አቀረረ፤ በሌንሱ ሲያየው ማር ይመስላል። ከዚያ ለጤነኛው ወደ እማማ አሳየሽ ጓሮ ተሻገረ። የእማማ አሳየሽ እንሰት በመንደሩ ስም ያለው ነው፤ ቤተሰቡ ከዓመት ዓመት የሚኖረው በእሱ ነው። ፈጠነች የምትባለው ምራታቸው፣ ጨቅላ ልጇን አዝላ፣ ቢላውን በእጁ አየችና ጠጋ አለች።

"እሳት አለ፤ ቢላህን ላቃጥልልህ?"

ፀሐይዋ ቅጠሉ ላይ በደንብ አርፋ ነበር፤ ትንሽ ቢቆይ ልታልፈው ነው። "ተዪው፣ ብርሃኑ ይሄድብኛል" አለና ቢላውን በመሐረቡ ጠረግ አድርጎ ቆረጠ። ፎቶው አማረለት።

የካቲት ላይ ፊልሙ ታጥቦ መጣ። ኢሊያስ የጤነኛውን ፎቶ በአጉሊ መነጽር ሲመረምር፣ ዳር ላይ የቢላው ጫፍ ገብቷል። ጫፉ ላይ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ቢጫ ጠብታ አለች። ወዲያው መቀስ አነሳና ዳሩን ቆርጦ ቀሪውን ለጌታሁን ሰጠ። ቁራጯን ግን መጣል አቃተው፤ ቦርሳው ውስጥ፣ ከመታወቂያው ጀርባ ሸጎጣት። ሄጄ እነግራቸዋለሁ እያለ፣ ዛሬ ነገ እያለ፣ ወራት አለፉ። ምናልባት ምንም አልሆነ ይሆናል እያለም ራሱን ያጽናና ነበር።

ግንቦት ላይ ፖስተሩ ቦምቤ ሲመረቅ ጌታሁን ጠራውና አስጨበጨበለት። ጭብጨባው ሳያልቅ እማማ አሳየሽ ተነሱ። ከስተዋል።

"ይሄ ጤነኛ የምትሉት እንሰት የኔ ነው" አሉ ፖስተሩን እያሳዩ። "አሁን የለም። አልቋል። ምራቴ ናት በሽታ ያመጣችው፣ ከእናቷ ቤት ቢላ ተውሳ። 'የፎቶ ሰውዬ ነው' አለች ደግሞ! የሚያስተምር ሰው በሽታ ያመጣል? ዋሾ ናት፤ ከነልጇ አባረርኩ።"

ሰው ሁሉ ስሙ በሐሰት ጠፋ ብሎ ለኢሊያስ አዝኖ ዞር ብሎ አየው። ያ አስተያየት ከስድብ በላይ አቃጠለው። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ቦርሳውን ከፍቶ ቁራጯን አወጣ።

"እማማ፣ ልጅቷ አልዋሸችም" አለ። "ቢላው የኔ ነው። ጠብታዋም ይችውና። እሳት አለ፣ ላቃጥልልህ ብላኝ ነበር፤ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ።"

እማማ አሳየሽ ቁራጯን ዓይናቸው ድረስ አስጠግተው አዩ። ኢሊያስ እንዲሰድቡት ጠበቀ። እሳቸው ግን ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ።

"እኔ ምን ብዬ ደጇ እቆማለሁ?" አሉ። ቀጥለውም "ተነስ። አንተ ትነግራታለህ" አሉት።

የፈጠነች እናት ቤት ከገበያው ማዶ ነው። እሱ ከፊት፣ እማማ አሳየሽ ከኋላ ሆነው ሄዱ። ፈጠነችን ልጇን እያጠባች ደጅ ተቀምጣ አገኟት። አማቷን ስታይ ልትነሳ አለች፤ እሳቸው ግን ዓይናቸውን ከመሬት አላነሱም። ኢሊያስ ሁሉንም ነገራትና ቁራጯን ዘረጋላት።

ተቀብላ ብዙ አየቻት።

"ይሄን መቼ ነው ያየኸው?"

"የካቲት ላይ።"

"እኔን ያባረሩኝ ሚያዝያ ነው" አለች።

ቁራጯን መለሰችለትና ልጇን ወደ ሌላኛው ጡቷ አዞረች።