ጣሪያው በሰው ትከሻ

ሲስተር የሻረግ በዳንግላ ሆስፒታል የሕፃናት ክፍል መሥራት ከጀመረች አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆናት። ክፍሉ የእንጨትና የጭቃ ቤት ነው። ውሃ ከሥር እየሰረገ ግድግዳውን አበስብሶታል፤ የሳንባ ምች ይዞት የመጣ ልጅ ሻጋታ እየተነፈሰ ይተኛል። ዘንድሮ ለአዲስ ክፍል በጀት ተፈቀደ ሲባል እልል አለች። ደስታዋ ግን ሳምንት አልቆየም።

“ለመሠረትና ለብሎኬት ግድግዳ ይበቃል፤ ለጣሪያ አይደርስም” አላት መሐንዲሱ ምስጋናው። “ጣሪያውን ለከርሞ እናቆየው።”

“ታዲያ ልጆቹን ሰማይ ሥር ላስተኛቸው?”

በር ይጠግኑ የነበሩት አናጺ፣ ጋሼ አወቀ፣ መዶሻቸውን አስቀምጠው ወደ ላይ አንጋጠጡ።

“ይኸ ጥድ ነው፤ ምስጥ አልደፈረውም። ቆርቆሮውም ደህና ነው። የታመመው ግድግዳው እንጂ ጣሪያው ምን ሆነ?”

“ስናፈርሰው ግማሹ ይሰበራላ፣ ጋሼ” አለ መሐንዲሱ።

“ማን አፍርሱት አለ? እንዳለ ተሸክመን እንወስደዋለን።”

ምስጋናው ሳቀ። የሻረግ ግን አልሳቀችም። “እርስዎ ሞክረውት ያውቃሉ?” አለቻቸው።

“የጎጆ ጣሪያ ከሰው ጋር ብዙ ጊዜ ተሸክሜያለሁ። ይኸን የሚያህል ግን አልሞከርኩም” አሉ ሳይደብቁ።

ምስጋናው ሦስት ቀን ሲለካና ሲያሰላ ሰነበተና ተመለሰ። አሁን አይስቅም። “ሁለት መቶ ሰው ከተገኘ ይነሳል” አለ።

የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን መጋቢ ፊልጶስ አዳራሻቸውን ለሕሙማኑ ልጆች ለቀቁ። አዲሱ መሠረት ከአሮጌው ቤት አርባ እርምጃ ርቆ ተሠራ። የግድግዳው ጭቃ ተራገፈ፤ የበሰበሰው የቋሚዎቹ የታች ጫፍ ተቆርጦ በድንጋይ ተደገፈ፤ በትከሻ ልክ ረጃጅም ባሕር ዛፍ ዙሪያውን ታሰረ። በየቤተ ክርስቲያኑም ለእሑድ ከሰዓት ጥሪ ተላለፈ።

የሻረግ አርባ ሰው እንኳ ይመጣል ብላ አላመነችም ነበር። ሰው ግን በጋሪ ተጭኖ፣ በእግሩም እየጎረፈ መጣ። እዚያው ክፍል ልጆቻቸው የዳኑላቸው እናቶች ነጠላቸውን አደግድገው ቆሙ። አንድ ጎረምሳ ቀርቦ፣ “ሲስተር፣ ይሄነው ነኝ” አላት። ሥራ በጀመረችበት ዓመት ኦክሲጅን የሰካችለት ሕፃን ነበር፤ ዛሬ ጢም አብቅሏል።

ጋሼ አወቀ ድንጋይ ላይ ወጥተው በአገውኛ ጮኹ፤ በአማርኛም ደገሙት። ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ ትከሻውን ሰጠ።

መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ከዚያ እንጨቱ ተንጣጣ፤ ጣሪያውም ተነሣ።

የሻረግ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ቤቱ እየሄደ ነው! ከቆርቆሮው በታች የሚታየው እግር ብቻ ነው፤ በረባሶ፣ ሸራ ጫማ፣ ቦቲ፣ ባዶ እግር፣ ሁሉም እኩል እየረገጠ። ስንት ዓመት ጨለማ በነበረው ወለል ላይ ፀሐይ ወረደችበት። ምስጋናው አጠገቧ ቆሞ የስሌት ወረቀቱን በእጁ ጨምድዶ፣ “እግዚኦ፣ እግዚኦ” ይላል።

መሠረቱ ላይ ሲያሳርፉት አንድም የጣሪያው ወራጅ እንጨት አልተሰበረም። እልልታው አገሩን አናወጠው። ጋሼ አወቀ ግን ቋሚዎቹን አንድ በአንድ እየዳሰሱ ዞሩና ፊታቸውን ወደ ጥግ አዙረው አለቀሱ።

ሰኔ ሳይገባ ግድግዳው ከጣሪያው ሥር ተገንብቶ አለቀ። መጀመሪያ የተኛችው ከጥሊሊ ከተማ የመጣች ሕፃን ነበረች። በአምስተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቋት፣ በእናቷ ጀርባ ታዝላ ወጣች።