የሟቹ እናት ቃል

ልብስ ሰፊው በወጣትነቱ፣ መጠጥ ቤት ውስጥ በማይረባ ነገር ተጣልቶ፣ የጎረቤቱን ልጅ በጠርሙስ መትቶ ገደለ። ፍርድ ቤቱ እስራቱን ከወሰነበት በኋላ ከሕዝባዊ መብቱም ሻረው። አይመርጥም፣ አይመረጥም፣ ምስክር አይሆንም፣ የማንም ልጅ ሞግዚት አይሆንም። ያኔ እስራቱ እንጂ ይህኛው ጉዳዩም አልነበረም፤ ከቁብ አልቆጠረውም።

ሲፈታ በሯን የከፈተችለት እህቱ ብቻ ነበረች። ባሏ ሞቶባት አንዲት ሴት ልጇን ይዛ የቀረች ናት። እስር ቤት የተማረውን ስፌት ከእህቱ መስኮት ሥር መኪና አስቀምጦ ጀመረ። ልጅቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ወርውራ ክር ታስገባለታለች። «አጎቴ፣ መርፌውስ ዓይን አለው፤ አንተ ነህ የሌለህ» እያለች ትስቅበታለች።

እህቱ በኩላሊት በሽታ ማቅቃ ሞተች። ልቅሶው ሳይበርድ የባሏ ወንድም፣ ባለወፍጮው፣ ከች አለ።

«ነፍሰ ገዳይ ልጅ አያሳድግም። ሕጉም አይፈቅድም።»

ሕጉ እውነትም አይፈቅድም ነበር። ልጅቱ የልብስ ሰፊውን ወገብ ጥምጥም ብላ ይዛ አለቅም ብትል፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ ፈልቅቀው ወሰዷት።

ባለወፍጮው ቤት ትምህርቷን አቋረጠች። ልብስ ሰፊው አንድ ቀን በወፍጮ ቤቱ በር ሲያልፍ፣ ዱቄት ቅንድቧን አልብሷት፣ ከእሷ የሚከብድ ጆንያ ስትጎትት አያት። ሊጠራት አፉን ሲከፍት እሷ ጆንያውን ጥላ ወደ ውስጥ ሮጠች። ስለ እሱ ምን ብለው እንደነገሯት ገባው። በሳምንቱ መብቱ እንዲመለስለት ለፍርድ ቤት አመለከተ።

ዳኛዋ የጠባዩን ማስረጃ አገላብጣ አየች፤ ከተፈታ ወዲህ አንድ ነቀፋ የለበትም። ባለወፍጮው ተነስቶ፣ «ቅጣት ያልቃል፤ ሞት ግን አያልቅም» አለ። ዳኛዋ የሟቹን ወገን ሳልሰማ አልወስንም ብላ የሟቹን እናት አስጠራች። አሮጊቷ በከዘራ እየተደገፉ ገቡ። ከሟቹ ሌላ ልጅ አልነበራቸውም።

«መብቱ ይመለስለት» አሉ።

«ይቅር ብለውታል ማለት ነው፣ እናቴ?»

«አላልኩም። ይህ ሰው ምንም የለው፤ ከባዶ ሰው ምን ይወሰዳል? ልጅቱን ስጡት። ያሳድጋት። ይውደዳት።»

ዳኛዋ የምትመዝነው የእሱን ጠባይ እንጂ የሌላውን ምሬት እንዳልሆነ ተናግራ መብቱን መለሰችለት፤ የልጅቱንም ሞግዚትነት ሰጠችው።

ልጅቱን ይዞ ተመለሰ። በዚያው ቀን የትምህርት ቤት ልብስ ሊሰፋላት ለልክ አቆማት። ሜትሩ አንገቷን ሲነካት ሽንቷ አመለጣት። እሱ ተንበርክኮ ወለሉን ወለወለ።

ብዙም ሳይቆይ አሮጊቷ የሚጠገን ቀሚስ ይዘው መጡ። ልጅቱ፣ ችሎት ላይ አይታቸው ስለነበር፣ ወንበር አቀረበችላቸውና እሱ እዚያው እያለ ጠየቀቻቸው።

«እውነት ልጅዎን የገደለው እሱ ነው?»

«አዎ፣ ልጄ። እሱ ነው።»

ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ መጡ። ስለ ልጃቸው ያወሩላታል፤ ዶሮ መብረር አስተምራለሁ ብሎ ጣራ ላይ እንደወጣ፣ ጫማውን ግራና ቀኝ እያቀያየረ ያደርግ እንደነበር፣ መጨረሻ ላይም ሬሳው እንዴት ወደ ቤት እንደገባ። እሱ አንገቱን ደፍቶ መኪናውን ይረግጣል። ሐሰት ቢያገኝባቸው በተናገረ ነበር፤ አንድም አላገኘም። ልጅቱ በዶሮው ወሬ ስትስቅ ሰማት። እናቷ ከሞተች ወዲህ ስትስቅ ሲሰማት የመጀመሪያው ነው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ልጅቱ የአሮጊቷን ነጠላ ጫፍ ይዛ፣ «እማማ ጋ ልኑር» አለችው።

እጁ መርፌው ላይ ቀረ። «እርስዎ ነዎት እንዲህ በይ ያሏት?»

«አልጠየቅኋትም። ሞግዚቷ አንተ ነህ። እምቢ በል፤ ሕጉ ካንተ ጋር ነው። መብትህን ያስመለስኩልህም እኔው ነኝ።»

«እማማ፣ ያኔ ልጅ ነበርኩ።»

«እሱም ልጅ ነበር» አሉት፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ።

ልጅቱን አያት። አልጠላችውም፤ ትፈራዋለች። ከዚህ ብትጠላው ይሻለው ነበር። አስገድዶ ሊያስቀራት ይችላል፤ ግን ከፊቱ ስትንቀጠቀጥ ልታድር ነው። ተነስቶ የትምህርት ቤት ልብሷን አጣጥፎ በፌስታል አደረገላት። ፌስታሉን ጣቱን እንዳትነካ በጫፉ ተቀበለችው። ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲወጡ አሮጊቷ በሩ ላይ ቆም ብለው ዞር አሉና፣ ለረጅም ጊዜ ፊቱን አዩት። ያዩትን ነገር የጠገቡ መስለው ሄዱ።

በማግስቱ አንዲት ጎረቤት ሱሪ ልታሳጥር መጥታ ዙሪያዋን ቃኘች።

«ልጅቷስ?»

«አያቷ ጋ ናት» አላት።