አራት ጊዜ የተተረተረ ሱሪ

«ይኼ ስፌት አልተተረተረም፤ ተቆርጧል።»

ልብስ ሰፊዋ ሱሪውን ገልብጣ ወደ መብራቱ አስጠጋችው። ከባንኮኒው ማዶ የቆመው የአገሯ ልጅ፣ የአውቶቡስ ሾፌሩ፣ ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ያሽከረክር ጀመር። ያው ሰማያዊ የደንብ ልብስ ሱሪ ነው፤ በሁለት ወር ውስጥ ለአራተኛ ጊዜ መምጣቱ ነው።

«ከሥራ ብዛት ይሆናል» አለ። «ፍሬን ስረግጥ ፔዳሉ እየያዘው…»

«ፔዳሉ ሁለቱንም እግር እኩል ይተረትራል?»

የገዛ ስፌቷን ለእሷ ሊያስረዳ! ይህች ሴት ባሏን ቀብራ በአርባ ስምንት ዓመቷ ሰው አገር የመጣች ናት። መጀመሪያ የዚህኑ ሱቅ ወለል ነበር የምትወለውለው። ስፌት መኪናው ላይ ልቀመጥ ስትል «ካረጁ አይበጁ» ብለው የሳቁባት ነበሩ። እሷም አብራ ሳቀች፤ በየምሳ ሰዓቱ ግን ቁርጥራጭ ጨርቅ እየለቀመች መስመር ሳታጣምም መስፋት ተማረች። ዛሬ የሙሽራ ቀሚስ ሲመጣ ከእሷ በቀር ማንም አይነካውም። በራሱ ጊዜ የተበጠሰ ክር ጫፉ ይንጨባረራል፤ ይኼኛው ግን ምላጭ የነካው ነው።

ሌላ ቀን ቢሆን አይታ እንዳላየች ታልፈው ነበር። ዛሬ ግን አገር ቤት ያለችው ልጇ መልስ ትጠብቃለች። «እማዬ፣ ይብቃሽ። ክፍልሽን ቀለም አስቀብቻለሁ፤ ነይና የልጅ ልጅሽን ታቀፊ» ብላታለች። እሷም እሺ ለማለት ትንሽ ነበር የቀራት። የያዛት በየሁለት ሳምንቱ የሚመጣው ይህ ሱሪ ነው። ሱሪ ደግሞ አይናገር፤ ባለቤቱም ያው ነው።

«እውነቱን ይንገሩኝ» አለችው። «ዛሬ ለልጄ መልስ እሰጣለሁ። ወይ አገሬ ጠቅልዬ እገባለሁ፣ ወይ እዚሁ እቀራለሁ።»

ሾፌሩ ኮፍያውን ጠበቅ አድርጎ ያዘ። ሚስቱ ከሞተችበት ሰባት ዓመቱ ነው። ስልሳ መንገደኛ በጭጋግ ሲያደርስ እጁ ንቅንቅ አይልም፤ አሁን ግን ኮፍያው ከእጁ አምልጦ ወደቀ።

«ቆራጩ እኔ ነኝ» አለ በመጨረሻ። «ሌላ የሚሰፋ ነገር አጣሁ። ሸሚዞቼን እንዳልቀዳድዳቸው ደግሞ አሳዘኑኝ።» ኮፍያውን ሊያነሳ ጎንበስ ብሎ፣ ከዚያው ሆኖ «አይሂዱብኝ» አላት።

ሳቋን መያዝ አቃታት። ዓይኗም እንባ አቀረረ። ይኼኔ ስልኳ ጠራ።

«እማዬ፣ ቲኬቱን ልቁረጥልሽ?»

«ለዕረፍት እመጣለሁ፣ ልጄ። ለመኖር ግን አልመጣም።»

«እንዴ! ምን ተገኘ?»

«እጅ ከፍንጅ የያዝኩት ሰው አለ። ማታ አጫውትሻለሁ።»

ስልኩን ዘጋች። ደስ ብሏታል፤ ፈርታለችም። የመረከቢያ ወረቀቱን ስባ ቀኑ ላይ «እሑድ» ብላ ጻፈችና ሰጠችው።

«እሑድ ሱቁ ዝግ አይደለም እንዴ?» አለ።

ወረቀቱን መልሳ ተቀበለችው። የሱቁን አድራሻ ሰረዘችና በእጅ ጽሑፏ የቤቷን አድራሻ ጻፈችበት።

«ለምሳ ይድረሱ» አለችው። «ምላጩንም ይዘውት ይምጡ፤ እኔ ጋ ይቀመጣል።»