ሳጥን ውስጥ የከረመ ጨርቅ

በዚያ ክረምት ዝናቡ አላባራ አለ። ጣሪያው አፈሰሰ፣ ደንበኛ ጠፋ። የልብስ ሰፊው ሚስት በመሃሉ ታማ ሞተች። ከቀብር የተመለሱት ሰዎች ጭቃቸውን ደጃፉ ላይ ጠርገው ሄዱ፤ እሱና የስፌት መኪናው ቀሩ።

ባህር ማዶ ያለችው አንድ ልጁ እሁድ እሁድ ትደውላለች። ስልኩን ለልጇ ትሰጣታለች፤ ሕፃኗ የምታውቀው እንግሊዝኛ ብቻ ነው። አያት «የስ፣ የስ» ይላል። ምን እንዳለችው ግን አንድም ቀን ገብቶት አያውቅም።

ቢጨንቀው የጎረቤቱን የጡረተኛ መምህር በር አንኳኳ። መምህሩ ድሮ የሰፊውን ልጅ ማታ ማታ በነፃ እንግሊዝኛ አስተምሯታል፤ የሄደችውም በዚያው እንግሊዝኛ ነው። ሰፊው ለውለታው ካፖርት ሊሰፋለት ጨርቅ ገዝቶ ነበር። መምህሩ ግን፣ «ልጅህ ስትመለስ ለብሼ እቀበላታለሁ፤ ያኔ ትለካኛለህ» ብሎት ጨርቁ ሳጥን ውስጥ ከረመ።

«ልጆች ማበላለጥ ይወዳሉ፤ ከሱ እንጀምር» አለ መምህሩ። «አይ አም ኦልደር ዛን ዩ አር፤ በዕድሜ እበልጥሻለሁ ማለት ነው። በል።»

«አይ አም ኦልደር ዛን ዩ።»

«‹አር› የት ገባች? አንድ እጅጌ ሰፍተህ ሌላውን ለደንበኛው ትተዋለህ እንዴ?»

«ሕፃኗ እኮ ‹ዛን ሚ› ስትል ሰምቻለሁ። ተሳስታ ነው?»

«አልተሳሳተችም። እሷ እየሮጠች ነው የምታወራው። አንተ ሽማግሌ ነህ፣ እስከ ጫፉ ሂድ።»

«ሽማግሌ? ካንተ እኮ አንሳለሁ።»

«እሱንም በእንግሊዝኛ በለዋ።»

«አይ አም ያንገር ዛን ዩ አር» አለ ሰፊው። ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

እሁድ ስልኩ ጮኸ። ሕፃኗ አዲስ ቤት መግዛታቸውን ነገረችው። «ማሚ ላቭስ ኢት ሞር ዛን አይ ዱ» አለች። ከእኔ ይልቅ እናቴ ትወደዋለች ማለቷ ነው፤ ገባው። ቀጠለች። ቤቱ ከአያቷ ቤት ይሻላል፣ ከእንግዲህ የሚኖሩት እዚያው ነው። ይህም ገባው።

«የስ» አለ።

ልጁ ስልኩን ተቀበለች። «አባዬ፣ ምን አለችህ?»

«ቤቱን ከእሷ ይልቅ አንቺ ትወጂዋለሽ አለችኝ።»

«እንግሊዝኛ ማን አስተማረህ?» አለችው።

«አንቺን ያስተማረሽ።»

ስልኩን ዘግቶ ሳጥኑን ከፈተ። ጨርቁን በብብቱ ይዞ የመምህሩን በር አንኳኳ።

«ልትመጣ ነው እንዴ?» አለ መምህሩ ጨርቁን አይቶ።

ሰፊው ሜትሩን ከአንገቱ አወረደ። «እጅህን ዘርጋ» አለው።

መምህሩ ፊቱን አየው። ሳይጠይቅ እጁን ዘረጋ።

ካፖርቱ ከሚቀጥለው ክረምት ዝናብ በፊት አለቀ። ሰፊው ራሱ ቁልፎቹን ቆለፈለት፤ እስከ አንገቱ።