ሽምግልና በበርበሬ ወፍጮ ቤት

ለወንድሜ ልጅ ለሀፊዝ ሚስት ልንለምን ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ ለሁለተኛ ጊዜ ነው። የልጅቱ አባት ሐጂ ሚስባህ ባለፈው «ላስብበት» ብለው መልሰውናል። ዛሬም እንቢ ካሉ ሀፊዝ እህል አይቀምስም፤ እኔም ከእናቱ ምላስ አልተርፍም።

ሐጂ ቤታቸውን የሠሩት ከበርበሬ ወፍጯቸው ጋር አጣብቀው ነው። «ኧረ ቁጭ በሉ!» አሉን። ሽማግሌ ደግሞ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም። እኛ ቆመናል፣ ወፍጮው ይፈጫል።

«ሐጂ፣ የመጣነው...» ስል አፍንጫዬ ነደደ። ዓይኔ ፈሰሰ፣ አፍንጫዬ ተከተለ፣ ድምፄ ተቆራረጠ። «ልጃችን ሀፊዝ... ልጅዎን ሀናንን...» አልቻልኩም፤ ፊቴን በጋቢዬ ሸፈንኩ።

ሐጂ ትክ ብለው አዩኝ። «ሱብሃነላህ! ለወንድሙ ልጅ እንዲህ የሚያለቅስ ሰው! እንዲህ ያለ ቤተሰብ ልጄን አይጎዳም። ሰጥቻለሁ!»

ደስታዬን ሳልጨርስ ሀናን ውሃ ይዛ ገባች። ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ የተማረች ልጅ ናት፤ ስህተት ሰምቶ ማለፍ ግን አልተማረችም።

«አባ፣ ጋሽ ኑርሁሴን አላለቀሱም፤ በርበሬው ነው። አፍንጫችን ውስጥ ባለው ስስ ሽፋን፣ የነርቮቹ ጫፍ ላይ፣ እንደ በር የሚከፈቱ ፕሮቲኖች አሉ። ትኩስ ነገር ይከፍታቸዋል፤ በርበሬም እንደዚያው። ሲከፈቱ ካልሲየም ይገባል፣ ነርቩ ‹እሳት!› ብሎ ለአንጎል ይነግራል፣ አንጎልም ‹ውሃ አፍስሱ!› ይላል።»

እንግዲህ ይችን ነው የምንለምነው! ውሃውን ተቀብዬ ጠጣሁ፤ ሌላ ምን ላድርግ?

የሐጂ ፊት ጠቆረ። «እኔስ ዕድሜዬን ሙሉ እዚሁ ስውል መቼ አነባሁ?»

«ያንቱማ በሮች በርበሬ ለምደው ደንዝዘዋል፣ አባ። ብትታጠኑትም አይከፈቱም።»

አለቀልን አልኩ በሆዴ። ለሀፊዝ እናት የምናገረውን ማዘጋጀት ሁሉ ጀመርኩ።

«ቃሌ ቃል ነው» አሉ ሐጂ በመጨረሻ። «ሰጥቻለሁ ብያለሁ፣ ሰጥቻለሁ።» ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንቺ ደሴ ከወጣሽ ግን ለእኔ ይህን ሁሉ ማን ያስረዳኛል?»

ዓይናቸው እንባ ሞላ። በእጃቸው ጀርባ ጠረግ ጠረግ አደረጉት። «ይኼ በርበሬ!» አሉ።

ሀናን ልታርማቸው አፏን ከፈተች። የአባቷን ፊት አየችና መልሳ ዘጋችው።

«አዎ አባ» አለች ቀስ ብላ፤ «በርበሬው ነው።»