አይሻርም

ቢሮ ውስጥ «አይሻርም» ይሉኛል። ስሙን ያወጣችልኝ የአክስቴ ልጅ ናት። በአሥር ዓመት ስለምትበልጠኝ እትዬ እላታለሁ። ውጭ ተምሬ ስመለስ ለአለቃው ነግራ እዚህ ያስገባችኝም እሷ ናት።

የምንሠራው ለሆስፒታሎች የመድኃኒት መጠን የሚያሰላ ፕሮግራም ነው። እኔ «ወላጅ ክላስ» የሚባለውን የኮድ መሠረት ጻፍኩ፤ የአዋቂው፣ የሕፃናቱ፣ የቀዶ ጥገናው ክፍል ኮድ ከእሱ ይወርሳል። ወራሽ የወረሰውን ሥራ ሽሮ በራሱ መንገድ መሥራት ይችላል፣ ወላጁ ካልከለከለው። እኔ በወላጁ ውስጥ ያሉትን አሥራ ዘጠኝ ሥራዎች በሙሉ እንዳይሻሩ ቆለፍኩ። በተማርኩበት አገር አንድ ባልደረባዬ የደኅንነት ፍተሻውን ሽሮ በባዶ ሲተካው አይቻለሁ። ፕሮግራሙ ትንፍሽ ሳይል አለፈ። ከዚያ ወዲህ ክፍት በር አላምንም።

እትዬ የሕፃናቱ ክፍል ደረሳት። ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች።

«አንዷን ብቻ ክፈትልኝ። የሕፃን መጠን በኪሎ ነው የሚሰላው። ያንተ ኮድ የአራስ ልጅ እንኳ ጢም ያበቀለ ይመስለዋል።»

«ላንቺ ከከፈትኩ ለሁሉም መክፈቴ ነው።»

«ፍተሻውን ቆልፈው፣ ማን ነካህ? እኔ ስሌቷን ነው ያልኩህ።»

«የከፈትኩትን ሁሉ ዕድሜ ልኬን ልጠብቅ ነው፣ እትዬ። ነገ ልለውጠው ብል የናንተ ይሰበራል።»

«ኧረ በቃህ! የአያታችን ኑዛዜ እንኳ ሁለቴ ተሽሯል!»

ሁለታችንም ሳቅን። እምቢታዬን ግን በጽሑፍ ላክሁላት፣ ለአለቃችንም ግልባጭ አደረግሁ። ግልባጩ ለምን እንዳስፈለገኝ ዛሬም አላውቅም። ወይም አውቃለሁ።

ለማስረከብ አራት ቀን ቀርቷት ነበር። እሷም ግልባጭ ሠራች። ክላሴን እንዳለ ገልብጣ፣ ስሙን ቀይራ፣ ስሌቷን አስገባችበት።

በሦስተኛው ወር ወላጁ ውስጥ የራሴን ስህተት አገኘሁ። ከነጥብ በኋላ ሦስት አኃዝ ከገባ ነጥቡ አንድ ቦታ ይንሸራተት ነበር፤ ፍተሻውም አያየውም። አረምኩት። የወረሱት ሁሉ አብረው ታረሙ። የእትዬ ግልባጭ ግን አልወረሰም።

ከሳምንት በኋላ ለአንድ ሕፃን አሥር እጥፍ መጠን ታዘዘ። አንዲት ነርስ ቁጥሩ አልዋጥ ብሏት በእጇ አሰላችና ሕፃኑ ተረፈ።

አለቃው ሰብስቦን ደብዳቤዬን ጮክ ብሎ አነበበ።

«የተከለከለውን ማን ገለበጠ?»

«እኔ» አለች እትዬ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች፣ እንድናገርም ጠበቀችኝ። ስህተቱ መጀመሪያ የእኔ መሆኑን የምናውቀው እኔና እሷ ብቻ ነበርን፤ በሩን የዘጋሁባትም እኔው ነበርኩ።

«የቆለፍኩት እኮ ለዚህ ነበር» አልኩ። ካፈርኩ አይመልሰኝ።

በዚያው ቀን መታወቂያዋን አስረክባ ወጣች።

ወንበሯ አሁንም አጠገቤ ነበር። ኮዱን ከፈትኩ። ፍተሻውን እንደተቆለፈ ትቼ፣ ስሌቷን ለብቻ ነጥዬ ለወራሾች ክፍት አደረግኋት። አራት ደቂቃ ፈጀብኝ።

«ከፈትኩልሽ» ብዬ መልእክት ላክሁላት።

መልሷ ሁለት ቃል ነበር።

«ጅብ ከሄደ።»

ቀሪውን ለእኔ ክፍት ተወችው።